በአረፋ ቀን አታስተርጉሚልኝ

ዩለስ፣ ቴክሳስ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሙኒያ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

እንዴት ነሽ ሙኒዬ? ባልሽ ራፋኤልስ? ልጃችሁን ካሊድዬን ጉንፋኑ ለቀቀው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ጧት ጧት ያኮርፈኛል፤ ከቀትር በኋላ እንታረቃለን። «ማሚ፣ ቴክስት አድርጊልኝ እንጂ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ማን ይጽፋል?» እንደምትይ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ ስትቸኩይ ሳይ የምለው ይጠፋኛል። አማርኛው እንዳይከብድሽ ፊደሉን ጉልህ አድርጌ ነው የምጽፈው። በልጅነትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከካርቱን አስነስቼ ያስጠናሁሽ ፊደል ነው፤ ካስቸገረሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው።

ቤቱ እንደምታውቂው ነው። አባትሽ ሙዘይን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካለፈ ወዲህ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ሰው ያለ እንዲመስለኝ ብቻ ነው። አውሮፕላኖቹ በጣራችን ላይ ሲያልፉ ድሮ ትበሳጪ ነበር፤ እኔ አሁን ሲዘገዩ ነው ቅር የሚለኝ። ያው የምሠራበት ኩሽና የሚያበስለውን ጭነው ነው የሚሄዱት። አንዱ እናንተ ወዳላችሁበት ወደ ስፔን የሚሄድ ከሆነ ብዬ የምግብ ሣጥኑን ስዘጋ ቢስሚላህ እላለሁ፤ እብደት ነው፣ አትሳቂብኝ።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከጥር ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ላይብረሪ እሄዳለሁ። ስፓኒሽ እየተማርሁ ነው። ጓደኛዬ እማዋይሽ ከሜስኪት ከተማ ድረስ ነድታ ልትጠይቀኝ መጥታ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። «እንግሊዝኛውን መቼ ጨረስሽውና ነው? አንቺን እኮ ሲቲዝን ያደረጉሽ በምልክት ነው!» አለችኝ። «በእንግሊዝኛ የማወራው የልጅ ልጅ የለኝም» አልኋት። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

አስተማሪያችን ኦፌሊያ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። ቤተሰባቸው ይህ አገር የሜክሲኮ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ቴክሳስ የኖረ ነው። ግስ ሊያስተምሩን ይጀምሩና ወደ ታሪክ ይገቡብናል፤ እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው። ስፓኒሽ ድሮ የሮማ ወታደሮች ይዘውት የመጡት ላቲን ነበር አሉ። ወታደሮቹ ሲያልፉ ቋንቋው ቀረ፣ በየመንደሩ ሌላ ሌላ መልክ ያዘ። ከነዚያ አንዱ እናንተ ባላችሁበት በቡርጎስ አካባቢ፣ ተራራ ሥር ያሉ ጥቂት ሰዎች የሚናገሩት ነበር። ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! በኋላ ነገሥታቱ አነሱት፣ መርከብ ተሳፈረና ሜክሲኮ፣ ፔሩ፣ ፊሊፒንስ ድረስ ሄደ። አፍሪካንም አልማራት፤ ኢኳቶሪያል ጊኒ ይናገሩታል አሉ። ኩሽናው ውስጥ አብረውኝ ከሚሠሩት ሉፔ የሜክሲኮ ናት፣ ሮዳ ደግሞ የፊሊፒንስ። ማንኪያን ሁለቱም በአንድ ስም እንደሚጠሩት ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ በመካከላቸው ያን የሚያህል ባሕር እያለ!

«በፍቅር የተስፋፋ እንዳይመስላችሁ» አሉን ኦፌሊያ አንድ ቀን። «የአያቴ አያት የራሷ ቋንቋ ነበራት። ዛሬ ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

ሌሎቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥሁ። አንድ ቀን የካሊድ ልጅ ስለኔ እንዲሁ ትል ይሆናል አልሁ። አልቅሻለሁ ሙኒዬ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሴትዮዋ ራሳቸው አጽናኑኝ፣ ሳያውቁ። ዓረቦች እዚያ ስፔን ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ኖረዋል አሉ። «አሴይቴ» ዘይት፣ «አሮስ» ሩዝ፣ «አሱካር» ስኳር መሆኑን ስሰማ ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። የኛው ጓዳ አይደለም እንዴ! ደግሞ «ኦሃላ» የሚሏት ቃል አለች፤ «አላህ ቢፈቅድ» ከሚለው የመጣች ናት። ሉፔ አንገቷ ላይ መስቀል አንጠልጥላ፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ቀኑን ሙሉ ኦሃላ፣ ኦሃላ ስትል ትውላለች። እኔ በልቤ አሚን እላታለሁ። ሰዎቹን አባረሯቸው፤ ቃላቸው ግን በአባራሪዎቹ አፍ ውስጥ ቀረ። እኔም ይሄን ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ጋ ደረስሁ። በረመዳኑ ኢድ ስትደውሉልኝ፣ ላስደንቃችሁ ብዬ ለካሊድ የምለውን ሰላምታ በስፓኒሽ ሳጠና ሰንብቼ ነበር። አዲሱን ሻሼን አስሬ ተቀመጥሁ። ልጁ መጣ፣ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ አንቺ ዞሮ «ኪየን ኤስ ኤሳ ሴኞራ?» አለሽ። አንቺ ሳቅ ብለሽ «ማሚ፣ አያቴ አይ ላቭ ዩ እያለሽ ነው፣ ሶ ስዊት!» አልሽኝ።

«እኔም እወደዋለሁ በዪልኝ» አልሁሽ።

ግን ገብቶኛል፣ ልጄ። «ያቺ ሴትዮ ማን ናት?» ነው ያለው። ስፓኒሼ ለዚያች ያህል ደርሶ ነበር። ያጠናሁትን ሰላምታ ሳልለው ቀረሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ ሻሼን ሳልፈታ እንደተቀመጥሁ መሸ።

አብሽሪ፣ አልተቀየምሁሽም። ልቧ እንዳይሰበር ብለሽ ነው፤ እኔም ለእናቴ ከዚህ ስደውል ሁልጊዜ «ጠግበን እያደርን ነው፣ ደስ ብሎናል» ነበር የምላት። ልጁም አልዋሸም። የማያውቀውን ማን ናት ማለት ወግ ነው።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ልጅ ሳንመርቅ መኖር አንችልም። አባቴ ሲመርቁ የቤቱ ሰው በሙሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ካላለ ይቆጡ ነበር፤ አሚን የሌለው ምርቃት ደጅ ላይ ይቀራል ይሉ ነበር። ካሊድ አራት ዓመት ሞላው፤ እስካሁን የመረቅሁት ሁሉ ደጅ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሉፔን በምሳ ሰዓት ይዣት ቁጭ አልሁ። «የጨበጥከው አፈር ወርቅ ይሁንልህ» የሚለውን ቃል በቃል ስነግራት ግራ ገብቷት «ልጁ ማዕድን ቆፋሪ ነው?» አለችኝ። «እንቅፋት አይምታህ» ስላት ደግሞ ዶክተር ጋ ውሰጂው አለች! ኋላ ሲገባት ማንኪያዋን አስቀምጣ «እኔንም እንዲህ ብለሽ መርቂኝ» አለችኝ። መረቅኋት፣ እሷም አሜን አለች። ሮዳም ተሰልፋ ነበር።

አሁን ምርቃቱን በስፓኒሽ በቃሌ ይዤዋለሁ። የሜክሲኮ ስፓኒሽ ነው፤ ራፋኤል ቢስቅም ግድ የለኝም።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው። በአረፋ ቀን፣ ከሶላት ተመልሳችሁ በልታችሁ ስትጨርሱ ደውይልኝ። እዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ቢሆንም ግድ የለም፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ። ካሊድን ብቻውን ስልኩ ፊት አስቀምጪልኝ። እጁን መዘርጋት አሳዪው፤ አሚን ማለትንም አስተምሪው። ከእኔ ሌላ ቃል ባይተርፍለት እንኳ ይህቺ ትቅርለት።

አንቺንም አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። ሰው አገር ያላችሁ ልጆቼን ሰው አያሳጣችሁ። ጎጇችሁ ሳቅ አይጉደልባት፤ ካሊድ ላንቺ ያድግልሽ፤ በእርጅናሽ የሚያናግርሽ አያሳጣሽ። አሚን በዪ።

እና ሙኒዬ፣ አረፋ ዕለት ማን ናት ብሎ ከጠየቀሽ አታስተርጉሚልኝ። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

እናትሽ ዙበይዳ