ባዶዎቹ ወንበሮች እንዴት ከረሙልዎ?

ለተከበሩ የግራንተር ሌክ ከተማ ከንቲባ ለአቶ ሃርላን ብሬክስታድ፣
የጋራ የሥራ ቦታችን የበላይ ጠባቂና ብቸኛ የቁልፍ ባለቤት

ክቡር ሆይ፣

እንዴት ከረሙ? ወገብዎን ተሻለዎት? ቤተሰብዎ፣ ጀልባዎ፣ በዋናው መንገድ ላይ ያስከፈቱት የጋራ የሥራ ቤት ማሞቂያስ ደኅና ነው? እኔ ሎርና ሃውግ ነኝ፣ የከተማውን ተማሪዎች ሃያ ስድስት ዓመት በአውቶብስ ያመላለስኩት። በየማለዳው በዚያ ቤት መስኮት ሥር ሳልፍ አሥራ ሁለቱ ወንበሮች እየሞቃቸው ሲያርፉ ስለማይ ስለ እነሱ ጤና አልሠጋም። ስለ ሰዎች መሥጋት የለመድኩ ተራ ሴት በመሆኔ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ምስጋናዬን ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። አምና በእሳት አደጋ ጣቢያው የዓሣ ጥብስ እራት ላይ ወንበር ላይ ወጥተው፣ «ጎበዝ፣ ልጆቻችን እኮ ኢንተርኔት ፍለጋ ከተማውን ጥለው እየሄዱ ነው! እናዋጣና የጋራ የሥራ ቦታ እንክፈት፤ ጃናይ ከዚያች መኪና ትውጣ!» ሲሉን ያላለቀሰ አልነበረም። ለአፍ ዳገት የለውም የሚባለውን ያን ምሽት ዘንግቼው ነበር። ጃናይ ቬርታነንን ለማያውቃት የዚህ ግልጽ ደብዳቤ አንባቢ፦ መንታ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ለአንድ የጤና መድን ድርጅት በኢንተርኔት ስልክ የምትመልስ ሴት ናት። ቤቷ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት አይደርሳትም፤ ስለዚህ ሦስት ክረምት ሙሉ መኪናዋን ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ አቁማ፣ ላፕቶፗን መሪው ላይ ደግፋ፣ በጓንት እየጻፈች ሠርታለች።

፪. ስለ መዋጮውም ምስጋና ይድረስዎ። እንደ ልማዳችን በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ አሮጌ መኪና አቆምን፤ መኪናው በየትኛው ቀን በረዶው ተሰብሮ እንደሚሰምጥ ከተማው ሁሉ እየከፈለ ገመተ፤ ገንዘቡም ለሥራ ቦታው ዋለ። መኪናውን የሰጠችው ጃናይ ነበረች። የሟች አባቷ ፒክአፕ ነው። ሞተሩን አስወጥታ፣ ውስጡን ጠርጋ፣ «አባዬ ቢኖር ራሱ ይገፋላችሁ ነበር» ብላ አስረከበችን። በሚያዝያ አንድ ቀትር ላይ አፍንጫውን ዘቅዝቆ ውሃው ውስጥ ሲገባ አጨበጨብን፤ እሷም አብራን አጨበጨበች። ለውለታዋ በሰባተኛው ወንበር ጀርባ ላይ የእሷና የአባቷ ስም በናስ ተቀርጾ ተለጠፈ። እርስዎም ከዚያ ወንበር አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶው ያምራል።

፫. ከሁሉ የረቀቀው የአባልነት ማመልከቻዎ ነው። ቅጹ «አሁን የሚሠሩት የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጃናይ መዋሸት ስለማትችል «መኪናዬ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ» ብላ ሞላች። እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ ደግሞ «አመልካቿ ቋሚ የሥራ ቦታ የሌላቸው በመሆናቸው በባለሙያነት ሊመዘገቡ አይችሉም» ሲል መለሰላት። የሥራ ቦታ ስለሌላት የሥራ ቦታ ተከለከለች ማለት ነው። ይህን ያህል ያመዛዘነ ጭንቅላት በአንድ ትንሽ ከተማ ተወስኖ መቅረቱ ለአገር ጉዳት ነው። በስብሰባ ብጠይቅዎ፣ «ሎርናዬ፣ አትቸኩይ እንጂ! በበጋ ከሚኒያፖሊስ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። እሷ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ስትለፈልፍ ማን አጠገቧ ይቀመጣል?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሚኒያፖሊስ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም መጸዳጃ ቤት ጠይቆ ሄደ።

፬. ስለ ጥንቃቄዎም ሳላመሰግን አላልፍም። ጥር ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ሲበላሽ፣ ጃናይ መኪናዋን ወደ ማዶ አሻግራ ከጋራ የሥራ ቦታው ግድግዳ ሥር አቆመች። የይለፍ ቃሉን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ የውስጡ ግድግዳ ላይ በትልቁ ስላስጻፉት ከአውቶብሴ ሆኜ እንኳ አነበዋለሁ። በሦስተኛው ቀን «ለደኅንነት ሲባል» ቀየሩት። እሷ በዚያች ደቂቃ አንድ ሽማግሌ ስለ ልብ መድኃኒታቸው እያነጋገረች ነበር። ስልኩ ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት አሠሪዎቿ አሰናበቷት። የካቲት ላይ ዕቃዋን ጭና ወደ ዱሉዝ ከተማ ስትሄድ ሣጥኖቹን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። እርስዎን አልረገመችም፤ «ተይው እትዬ ሎርና፣ አንድ ቀን እንኳ ወንበሬ ላይ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር» ብቻ አለችኝ።

አምስተኛ ምስጋና የለኝም፤ እስካሁን የጻፍኩትም ምስጋና አልነበረም። በአውቶብሱ መስታወት የመንታዎቹን ባዶ መቀመጫ ባየሁ ቁጥር እርስዎን እጠላዎታለሁ፤ ጥላቻው በእሁድ ጸሎት እንኳ አልተወኝም።

የፈረሙባቸውን ደንቦች ሁሉ ፍሬ በዓይንዎ እንዲያዩ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ በፎቶዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ሎርና ሃውግ
የአውቶብስ ሾፌር

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የጃናይ መንታዎች ሲሄዱ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አሥራ ዘጠኝ ቀሩ። ከሃያ በታች ከሆነ እንዲዘጋ የሚለውን ደንብ የፈረሙት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የመዝጊያው ደብዳቤም ማክሰኞ ደርሷል። ከመስከረም ጀምሮ ልጆቹ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እየተጓዙ ሌላ ከተማ ይማራሉ። የአውቶብሱን መስመር እንዳወጣ የታዘዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ታላቅ ሰው ይቀድማል ብዬ ከእርስዎ ቤት ጀምሬዋለሁ። አብረውዎት የሚኖሩትን ሁለቱን የልጅ ልጆችዎን በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ በር ላይ ያቁሙልኝ። ብርዱ ከጠናባቸው መኪናዎ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ሰው መኪና ውስጥ ሦስት ክረምት እንደሚችል አይተናል።