የምይዘው ቁጥር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ። የዳሞታ ተራራ ዛሬም አልተገለጠም። ወይስ ተገልጦ እኔ ነኝ ያላየሁት? እኅቴን ኅብረትን ልጠይቃት ብዬ ተውኩት።

አርባ ሰባት ሲባዛ በሃምሳ ሦስት። ሁለቱም ከሃምሳ እኩል ይርቃሉ። የሃምሳ ካሬ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤ ከዚያ የሦስት ካሬ፣ ዘጠኝ፣ ይቀነሳል። ሁለት ሺህ አራት መቶ ዘጠና አንድ። ያለ ወረቀት፣ ያለ መነጽር።

ምክንያቱን እዚህ ብቻ ላስፍረው። ግላኮማው ከግራ ዓይኔ ወደ ቀኙ ተሻግሯል። ሐኪሙ "ጠብታውን ካላቋረጡ እናዘገየዋለን" አለኝ። እናቆመዋለን አላለም። ቃሉን መርጦ ነው የተናገረው፤ እኔም መርጬ ነው የሰማሁት። በጥቅምት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የቁጥር ስሌት አስተምራለሁ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ቁጥር የሚሞላበት ኮርስ ነው። የጻፍኩትን መልሼ ማንበብ ካቃተኝ ሁሉን በአእምሮዬ መያዝ ይኖርብኛል። ለትምህርት ክፍሉ ብናገር በርኅራኄ ወደ አንድ ቢሮ ያዛውሩኛል። ከክፍል ከወጣሁ በኋላ... ምን ነኝ?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

የአባቴን የእንሰት ማሳ በሐሳቤ ተጠቀምኩበት። ዱቦ መንደር፣ ባደግኩበት ቤት ጓሮ ያለው።

ሠላሳ አራት በሃያ ሰባት። ማሳውን በሁለት መንገድ አቋርጬ አራት ቦታ ከፈልኩት። ወደ ቤቱ የተጠጋው ትልቁ መደብ ሠላሳ በሃያ፤ ስድስት መቶ። ከጎኑ ሠላሳ በሰባት፤ ሁለት መቶ ዐሥር። ከታች አራት በሃያ፤ ሰማንያ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ መደብ ሃያ ስምንት። ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ስምንት እግር እንሰት።

ድምሩ ካለቀም በኋላ ከማሳው አልወጣሁም። ቅጠሎቹ ከራሴ በላይ ገጥመው፣ ብርሃኑ በአረንጓዴ ተጣርቶ፣ ጠል አንገቴ ላይ እየተንጠባጠበ... እዚያ ውስጥ ዓይኔ ደህና ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

አልሆነም።

ሦስት መቶ አርባ ስድስት በሰባ ስምንት። በሰባ አባዛሁና ሃያ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃያን ያዝኩ። በስምንት አባዝቼ ስመለስ የያዝኩት የለም። ደገምኩት፤ አሁንም የለም። ማሳው ለትንንሽ ቁጥር እንጂ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ በአእምሮዬ ሰሌዳ ሰቅዬ ጻፍኩበት። ጻፍኩና... የግራ ጠርዙ ጭጋግ ለብሷል። በውስጥም?

ኅብረት ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘችኝ።

"እስራኤል፣ ተኝተህ ነው ወይስ እያሰብክ?"

"እያሰብኩ ነው፣ እትዬ።"

"ግንባርህን አትቋጥረው ታዲያ። የታመመ ትመስላለህ።"

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ከአረካ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ እንዳይጠፋብኝ።

መስኮቱ በትንፋሽ ተደፍኗል። ዙሪያዬን ሁሉ በወላይትኛ ይወራል፤ ስለ ጊፋታ በዓል፣ ስለ በሬ፣ ስለ ቅቤ። ያንኑ ሦስት መቶ አርባ ስድስት በሰባ ስምንት ጀመርኩ። በሰባ ያባዛሁትን ሳላስበው በወላይትኛ ያዝኩት። ከንፈሬ ላይ ቆየ። በስምንት የሚባዛውን በአማርኛ፣ እንደ ትምህርት ቤት፣ ሠራሁ። ስመለስ የያዝኩት ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ሃያ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት።

አጠገቤ ዶሮ የታቀፉ እናት ነበሩ። በወላይትኛ "ልጄ፣ ለማን ነው እንዲህ የምትጸልየው?" አሉኝ።

"መልስ ፈልጌ ነው፣ እማማ።"

"ይስጥህ።"

"ሰጠኝ።"

ዞር ብለው አዩኝ። ዶሮዋን ጠበቅ አደረጓት።

አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች እንደ ሁለት ክፍል ናቸው፤ በአንዱ ሲሠራ በሌላው የተቀመጠ አይረበሽም። የተቀመጠውም መታየት አያስፈልገውም። ኦይዱን፣ ላፑኑን፣ አራትንና ሰባትን፣ ተጽፈው ሳላያቸው በፊት በእናቴ ድምፅ ሰምቻቸዋለሁ። ድምፁ ላይ ጭጋግ የለም።

እሑድ፣ መስከረም 18

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። ዘመድ ሁሉ ዱቦ። ዮዮ ጊፋታ፣ እንኳን አደረሰህ ሲባባል ግቢው እንደ ቀፎ ይጮኻል።

የአክስት ልጆች ከበው ቁጥር ይወረውሩልኛል፤ እመልሳለሁ፤ በስልካቸው ያረጋግጣሉ። አንድም አልሳትኩም። ኩራት ተሰማኝ፤ አልክድም። ሰሌዳውን ሳላይ ማስተማር እንደምችል፣ ማንም እንደማያውቅ... በዚያ ደስታ ላይ ሳለሁ አጎቴ ኤርካሎ ከግራ በኩል መጡ። እኔ ከልጆቹ ጋር መሳቄን ቀጠልኩ።

ልጆቹ ቁጥር መወርወር አቆሙ።

"እስራኤል፣" አለች ኅብረት ቀስ ብላ፣ "አጎታችን እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።"

አምና በማሳ ድንበር ነገር ከአጎቴ ጋር ተቀያይመን ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሳቸው ግን ያልተጨበጠ እጃቸውን አይተው፣ "ቂም ተይዞ ጊፋታ አይሻገሩም፣ ልጄ" አሉኝ።

"ቂም አይደለም። አላየሁዎትም።"

"በዚህ ፀሐይ?"

ተነሥቼ ትከሻቸውን ሳምኩ። ሳሙኝ፤ ግን ፈጥነው ለቀቁኝ። እውነቱን ከመናገር እንደ ቂመኛ መታየትን መረጥኩ ማለት ነው?  የምንኖርበት ሶዶ ስንደርስ ከሚኒባሱ ስወርድ ኅብረት ክንዴን ያዘችኝ፤ ይዛኝ አታውቅም።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ኅብረት፦ "ለትምህርት ክፍሉ ንገራቸው።"

እኔ፦ "ምኑን?"

"እኔን እንደ ልጅ አታድርገኝ። ጠብታውን ፍሪጅ ውስጥ ካየሁት ቆየሁ።"

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘሩባቤል ኮርስ ሲደለድል በሩ ላይ አገኘኝ። "የቁጥር ስሌት እንደተለመደው ላንተ?"

"እንደተለመደው።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ።

ምሳሌውን በቃሌ እያሰላሁ ጻፍኩ። አልቆምኩም፤ አልተሳሳትኩም። ማርከሩ ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ ቁጥሩ በውስጤ እንደ መዝሙር ይከተለኛል። ከኋላዬ ዝምታ። በመደነቅ መሰለኝ።

"መምህር፣" አለች ከፊት ያለች ልጅ፤ ሜላት ነው ስሟ። "ይቅርታ። ቅድም የጻፉት ላይ ነው እየጻፉ ያሉት።"

ሰሌዳውን አየሁት። ለእኔ ግራጫ ነው። ስንት መስመር እንደተደራረበ አላውቅም።

"አላየሁትም፣" አልኩ። ለአጎቴ ያልኳት ቃል። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። "ዓይኔ እየደከመ ነው። ወደፊትም ይብስበታል።"

 ማርከሩን አስቀመጥኩ። እጄ ባዶ ሲሆን ቀለለኝ።

"ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሠላሳ ስምንት በአርባ ስድስት። መጀመሪያ አርባ ስድስቱን በሠላሳ አባዙና ውጤቱን በእናታችሁ ቋንቋ ያዙት፤ በከንፈራችሁ፣ ድምፅ እያሰማችሁ። በስምንት የሚባዛውን በአማርኛ ሥሩ።"

ሜላት፦ "እኔ የእናቴም አማርኛ ነው፣ መምህር። በምን ልያዝ?"

"በእንግሊዝኛ ያዢ።"

"እሱማ ይጠፋብኛል።"

ሳቁ። ከዚያ ጀመሩ። ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ጋሞኛ፣ ኦሮምኛ፣ ከመስኮቱ በኩል ጉራግኛ... ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ በየአፉ ተይዞ ክፍሉ ውስጥ ይዋኛል። በሕልም ውስጥ እንደሚሰማ የገበያ ድምፅ። በመካከሉ ቆምኩ። ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

"ከኋላ በወላይትኛ የያዝከው። መቶ ጎድሎሃል።"

ከኋላ የአንድ ልጅ ድምፅ፦ "እውነት ነው፣ መምህር።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማለዳ ለዘሩባቤል ነገርኩት፤ በሩን ዘግቼ፣ ሳላለሳልስ። 

"ሰሌዳው ላይ ማን ይጽፋል?"

"ተማሪዎች፣ በተራ። እኔ እናገራለሁ፤ እሰማለሁ።"

"ፈተና ማረምስ?"

"እሱን ገና አላወቅሁም።"

"ነገ ገብቼ ከኋላ ልቀመጥና ከዚያ እንነጋገር፣" አለ። ይሁን አላለም፤ አይሆንምም አላለም። ከእሱ ቢሮ ሳልወጣ ዱቦ ደውዬ በጊፋታ ለምን እንዳላየኋቸው ለአጎቴ ተናገርኩ። አጎቴ ኤርካሎ እስክጨርስ ሰሙኝና "ስትመጣ እጅህን ፈልጌ የምይዘው እኔ ነኝ" አሉኝ።

ቤት ስደርስ ኅብረት መስኮቱ አጠገብ ጎመን ትቆርጣለች።

"እትዬ፣ ዳሞታ ተገልጧል?"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ጫፉን ደመና ይዞታል። ወገቡ ላይ ፀሐይ አርፋለች። ከአንድ ቤት ጭስ ይወጣል።"

የጭሱን ቀለም ጠየቅኋት።