የአማትሽ ደብዳቤ በሽማግሌዎች ፊት

ልጄ ውዳሴ፣ በሄድሽበት ሁሉ አምላክ ቀድሞ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያችንም ተጠግኖ ማፍሰሱን ትቷል። የምነግራትን የምትጽፍልሽ እህትሽ ሚካል ናት።

የእጮኛሽ እናት በፈረንሳይኛ የላኩልንን ደብዳቤ ሚካል ጀሞ ሰፈር ከምትኖር ጓደኛዋ በተዋሰችው የፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠችው። አንዱ ቃል አራት አምስት ትርጉም አለው። ስላንቺ የጻፉት ቃል «ላቭ»ም ይሆናል፣ «ላይክ»ም ይሆናል አለችኝ። እንደሚወዱሽ ሳላውቅ ለጋብቻችሁ ምርቃት አልልክም ብዬ ጎረቤቶቻችንን ለሽምግልና ጠራሁ። ሚካል አንገቷን ደፍታ በሹክሹክታ ስታነብ ኦቦ ዳባ «ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ ጥፋቱ የፈረንሳዮች ነው» አሏት።

ጋሽ ደምሰው «ላይክማ ቲክቶክ ላይ ለማያውቁትም ሰው ይሰጣል» ብለው ተቆጡ።

ኦቦ ዳባ ደግሞ «እኔ የምጠረጥረው ገና ከመጀመሪያው ላቭ የምትልን አማት ነው» አሉ።

ሳይስማሙ ለእሑድ ቀጠሮ ሰጥተው ተነሡ።

እባክሽ ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ባለፈው ጉንፋን ሲጥልሽ ሴትዮዋ ሾርባ ይዘውልሽ መጥተው ነበር? ከመጡ ሽማግሌዎቹን አላስቸግርም፤ ምርቃቴን ለሁላችሁም እልካለሁ።

እግዜር ጤናሽን ይስጥሽ።

እናትሽ አምሳለ