ኢየሩስ የምትባል ስንዴ

መስከረም 14፣ 2003
ዛሬም ዝናብ። ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። የልማት ሠራተኛ ሆኜ ደጋ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ። ከማሳው ጫፍ የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ አርባ ምንጭ እዚያው ታች… ወደዚያ ያስገባሁት የዝውውር ማመልከቻ መልስ የለውም። መቼ ይሆን?
ቁብሳ የሚባለውን ስንዴ እዚህ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ሰዉ በእኔ ስም ይጠራዋል። እማማ ጌጤ ማሳቸውን እያዩ «ዘንድሮ ኢየሩስ አምሮባታል» አሉ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

መስከረም 29
እማማ ጌጤ ማሳ ገባሁ። ቅጠሉን ነካሁት፣ ጣቴ ቢጫ ሆነ። ዋግ! ስንዴ የሚጨርሰው በሽታ።

ጥቅምት 4
መድኃኒት ፍለጋ ወረዳ። አለቃዬ አቶ ዘካሪያስ፦ «አልቋል። አገሩ በሙሉ ተመትቷል እኮ።» ታዲያ ምን ይዤ ልመለስ?

ጥቅምት 25
ገበያ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች…
«ኢየሩስ አንተንም ጉድ ሠራችህ?»
«ድራሿ ይጥፋ!»
ስንዴዋን ነው። አውቃለሁ። ግን ስሜ እኮ ነው… ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 2
እማማ ጌጤ ያጨዱትን ለከብት ሰጡት። ፍሬ የለውማ። ሰላምታዬን መለሱ፣ «ግቢ» ግን አላሉኝም።

ሰኔ 20
አዲስ ዘር መጣ፣ ዳንዳአ። «ዋግ ይቋቋማል» ይላሉ። እኔስ ምን ብዬ ልማል?
ዝውውሬም ዛሬ ተፈቀደ። አሁን! ደስታዬ የት ገባ?

ሐምሌ 3
ዘሩን ይዤ እማማ ጌጤ ዘንድ። እፍኝ አንስተው አገላበጡ።
«ይሄም ቢታመምስ?»
«አላውቅም እማማ። ግማሹን ብቻ ይዝሩት፣ ግማሹ ገብስ ይሁን።»
እፍኙን ወደ ከረጢቱ መለሱ።
«እሺ። ግን ይቺን ኢየሩስ አንላትም።»
ልሄድ ተነሳሁ።
«ያቺ ስትታመም አንቺም አብረሽ መነመንሽ፣ ልጄ። ስምሽ ላንቺ ይሁን።»

ሐምሌ 12
አቶ ዘካሪያስ ደወሉ። «መቼ ነው የምትወርጂው?»
«አልወርድም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። አበድኩ እንዴ?

ጥቅምት 8፣ 2004
በየማለዳው ቅጠል አገላብጣለሁ። አረንጓዴ ነው… እስካሁን። እንቅልፍ ግን የለኝም።
ዛሬ ከማዶ ጩኸት ሰማሁ። «ኢየሩስ! ኢየሩስ!» ደነገጥኩ። የማን ማሳ ተመታ? ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጥኩ።
እማማ ጌጤ በራቸው ላይ ቆመዋል።
«ምን ያስሮጥሻል? ቆጮው ሳይበርድ ግቢ እንጂ!»
እኔን ነው የጠሩት።