አልማዝ የመረጠችው ከተማ

ሰኞ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2003

«አንቺማ ትራመጃለሽ!» አለኝ ጋሽ ወልዴ፣ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ። ይህን ሲለኝ ምርኩዜን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ጭቃው ጉልበቴ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ አልማዝም እኔም አስራ ሁለተኛን አልፈናል። የሆስፒታል ወረቀት ያለው አካል ጉዳተኛ ተማሪ የመረጠው ዩኒቨርሲቲ ይመደባል የሚል ደብዳቤ መጣ። አልማዝ ዓይነ ስውር ናት፤ ጋሽ ወልዴ ወረቀቷን ወዲያው ተቀበላት። የእኔን እግር ግን ሐኪሙ «ቀላል ጉዳት» ብሎ ጽፎታል። ስለዚህ እሷ ትመርጣለች፤ እኔ እንደማንኛውም ተማሪ ምርጫዬን ሞልቼ የሚደርሰኝን እጠብቃለሁ።

መንገድ ላይ ምነው እኔም ዓይኔ በጠፋ ብዬ ተመኘሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ተመኝቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 10

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያነበብኩላት፦ ታሪክ፣ ሲቪክስ፣ ጂኦግራፊ ከነካርታው። የብሬል መጽሐፍ እዚህ የለማ። ካርታን በአፍ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ ነኝ የማውቀው።

እሷ ለእኔ፦ ውሃ መቅዳት። ልብስ ማጠብ። ቁልቁለቱ ሲያዳልጥ ትከሻዋን መስጠት። እሺ፣ እሱም ትንሽ አይደለም።

ዛሬ ትዕግስት የምትባል ልጅ መጣች። እሷም ዓይነ ስውር ናት። አዲስ አበባ ሕግ ሁለተኛ ዓመት ጨርሳ ለክረምት ወላጆቿ ጋ እዚህ ቦንጋ ገብታለች። ለአልማዝ ነጭ ዱላ አመጣችላት። በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር አለ አለቻት። «እዚያ ሰው አታስቸግሪም» አለቻት።

አስቸግራኝ ታውቃለች እንዴ?

አልማዝ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 11

የምርጫውን ቅጽ ሞላን። ማለቴ፣ እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። «አንደኛ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ጅማ» አለች።

የራሴ ላይ ጅማን አንደኛ አድርጌያለሁ። ቅርብ ስለሆነ ይደርሰኛል ብዬ።

የእሷም ላይ ጅማን አንደኛ ጻፍኩ። አዲስ አበባን ሁለተኛ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች። እሷ እንዳለችው አድርጌ አነበብኩላት። ጣቷን የፊርማው ቦታ ላይ አኖርኩላት፣ ፈረመች። ወስጄ ለጋሽ ወልዴ ሰጠሁት።

ስመለስ ቆጮና ጎመን አቅርባ ጠበቀችኝ። በልቻለሁ ብዬ ዋሸኋት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12

ጠዋት ዋጫ የምትኖረው እናቷ ጋ ደወለች። በካፊኖኖ፣ በከፋ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ እኔም የዚያው የከፋ፣ የደካ ልጅ ነኝ፣ አንድ ቃል አያመልጠኝም። «ብርቄ ሞልታልኛለች፣ አታስቢ» አለቻት።

ከዚያ ዱላዋን ይዛ ወጣች። ቦይ ውስጥ ገባች፣ ወደቀች፣ እየሳቀች ተነሳች። «እንዳትይዢኝ!» አለችኝ፣ ገና ከመቀመጫዬ ሳልነሳ።

ቅጾቹ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይላካሉ። ምሳ ላይ አላስቻለኝም፣ ነገርኳት።

የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ፦

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያነበብሽልኝ?»

«ይኼ ብቻ ነው። በማርያም!»

«አሁን በምን ልወቅ?»

 ዱላዋን ዳብሳ አነሳችና፣ «ካንቺ ጋር ብሆን ዱላውን አልይዘውም፤ ለዚህ ነው አዲስ አበባ ያልኩት። ጠልቼሽ አልነበረም» አለች።

አልነበረም አለች። ስለ አሁኑ አልነገረችኝም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 13

በጠዋት ሄድን። እሷ በዱላዋ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ። ትከሻዋን አልሰጠችኝም፤ ቁልቁለቱን አጥር እየያዝኩ ወረድኩ።

አልማዝ «አንደኛ አዲስ አበባ ነው ያልኩት» ስትለው ጋሽ ወልዴ ቅጹን ከክምሩ ውስጥ አወጣና «ማነው የተሳሳተው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ተሳስቼ ግን አይደለም።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ምን ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አልማዝ «አዲስ ቅጽ ይስጡኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ይሙሉልኝ» አለች። ሞላላት። ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችው። በጋሽ ወልዴ ድምፅ ቀናሁ! ለካ ቅናት ይኼንም ያህል ያወርዳል።

አዲስ አበባ፣ አንደኛ። አለቀ።

ከሰዓት ትዕግስት በብሬል የጻፈችላትን ወረቀት አልማዝ አውጥታ ጣቷን ታስኬድበት ጀመረች። አንዳንዴ ፈገግ ትላለች። እኔ ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታየኝ። እንዳልጠይቅ ራሴን ያዝኩ፣ ያዝኩና አቃተኝ።

«ምን ይላል?»

ጣቷ ቆመ። ወደ መጀመሪያው መስመር መለሰችው።

«ነይ ቁጭ በይ፣ ላንብብልሽ» አለች።

ስለ ዶርም፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ፣ ስለ ደረጃው ብዛት አነበበችልኝ። የተጻፈውን ሁሉ ታንብብልኝ፣ የዘለለችው ይኑር፣ አላውቅም። እስከ መጨረሻው ሰማኋት።