ጥር ላይ ያሸተ ገብስ

ጥር 20

ጧት በምርኩዜ እያነከስሁ ትሕትና ቪዲዮ ቤት ሄድሁ። የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት የተደገሰውን የወንድሟን የደጀኔን ሠርግ እየቆረጠች ትቀጥላለች። ስንቱን ጨፋሪ ቆርጣ ጥላ መላጣዬን እንዳለ ትታዋለች! "ፀጉር ቀጥይልኝ" አልኋት። "አባባ፣ ፀጉር ለሙሽራውም አልተረፈም" አለችኝ። ባለጌ። እኔን ነው የወጣችው።

እግሬ ከተሰበረ ሦስተኛ ወሩ። ቋሪት ያለው ታናሼ ይርሳው ለሠርጉ አልመጣም። መንገዱ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ። እስካሁን ወሬውም የለም... ምን ነካው?

ጥር 22

ፊልሙን ቤት አመጣችው። እኔ ብርሌ ሳነሣ... ይርሳው ብርሌ ሲያነሣ! እኔ በአንድ እግሬ እስክስታ ስሞክር... እሱ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ካለው ቤቱ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ሲስቅብኝ። ሙሽሮቹን "ዕድሜ ይስጣችሁ" ስል... እሱ "አሜን!" ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

"እንዴት አድርገሽ ነው?"

"ክሮስ ከቲንግ ይባላል፣ አባባ። ሁለት ቦታ የተቀረጸውን ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ እያፈራረቅሁ ስቀጥለው ባንድ ሰዓት የሆነ ይመስላል።"

"በዝግ መንገድ ማን ቀረጸው?"

"በእግር የሚሄድ ሰው አግኝቼ... የሠርጉ ለታ።"

ዐይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሣችም። እናቷ፣ ልጄ እማዋይሽ፣ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

ጥር 23

ደግሜ አየሁት። "አቁሚልኝ" አልኋት። ከይርሳው ኋላ ገብስ ቆሟል። አረንጓዴ፣ ገና ያሸተ። ጥር ላይ? ይኼኔ እኮ እዚያ አገር ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል። ቆጋ ግድብ ሥር ቢሆን በመስኖ ነው እል ነበር። የይርሳው መሬት ዳገት ላይ ነው... ከሰማይ በቀር ውሃ የሚሰጠው የለም።

ይኼ መስከረም ነው። ለምን ዋሸችኝ?

ጥር 25

እራት ላይ ነገር ወረወርሁ። "ያ ሰነፍ እስከ ጥር ገብሱን ሳያጭድ ከረመ እንዴ?" ሌላ ጊዜ ቢሆን እማዋይሽ "አጎቴን አይንኩብኝ" ትለኛለች። ዛሬ ጉርሻዋን መልሳ ሰሐኑ ላይ አኖረችው።

ገባኝ። ሠርግ ባለበት ቤት መርዶ አይነገርም። ከታመመ ሰውም እስኪያገግም ይደበቃል። ስንቱን እኔው ራሴ እያሳቅሁ አቆይቻለሁ። ስንቱን ከጎረቤቴ ከስመኘው ጋር ሊነጋጋ ሲል ሄደን አርድተናል። አሁን የእኔ ተራ ነው? ጠይቄ ልገላገል? ከጠየቅሁ ይሞታል። ካልጠየቅሁስ...

ጥር 27

አልጠየቅሁም። እንደገና አየሁት። "አሜን" ይላል።

የካቲት 1

ሊነጋ ሲል የስመኘውን ሳል ከደጅ ሰማሁት። ሳያንኳኩ ጋቢዬን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። አምስት ሽማግሌ... ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

"ስመኘው፣ ያን አፍህን ምን ዘጋው?" አልሁት። ማንም አልሳቀም።

"ወንድምህ... ታኅሣሥ ላይ ነው" አለ።

በእግር የመጣ ሰው ለእማዋይሽ ነግሯት ኖሯል። እኔ በአንድ እግሬ ስጨፍር እሱ አፈር ከገባ ሦስት ሳምንቱ።

የካቲት 4

ትሕትና ካጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። መስከረም ላይ ይርሳው ቤት ለማኅበር ሄዳ የቀረጸችው ነው። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። እግርዎ እስኪድን ብለን እኮ ነው... አባባ ይርሳውን ከፊልሙ ላውጣቸው?"

"ተይው። ይልቅ እኔን ቀብሩ ላይ አስገቢኝ። እሱን ሠርጉ ላይ አስገብተሽው የለ?"

ቀልድ መስሏት ቀና አለች። አልነበረም።

"ቀብሩን የቀረጸ ሰው የለም፣ አባባ።"

ኮምፒውተሩን ልትዘጋ እጇን ሰደደች።

"እንግዲያው ሠርጉን ክፈቺው" አልኋት። "አሜን ከሚለው ላይ።"