ፊትህን ላክ ስልህ ወፍ ትልክልኛለህ

ይድረስ ለምወድሽና እጅግ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣ ለወይዘሮ አበራሽ፤ አሰላ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነሽ፣ አሁንም እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ዳገቱን አሁንም እያረፍሽ ነው የምትወጪው ወይስ እህቴ ብርቅዬ ያመጣችልሽን ምርኩዝ መያዝ ጀመርሽ? አልጀመርሽም። “እኔ አሮጊት ነኝ እንዴ!” ብለሽ በር ኋላ አቁመሽዋል፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ክረምቱስ እንዴት ወጣልሽ? የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም አፈሰሰ? እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ። ዓመቱን የጤና ያድርግልሽ።

እኔን ብትጠይቂ፣ በፊት በፊት “ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ” ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ እንደዚያ ብዬ አላልፍም። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። በሕይወትም አለሁ፤ ይህን ከሁሉ አስቀድመሽ ስሚልኝ። አለሁ እማዬ። ግን ከናፍቆትሽ ሌላ የደበቅሁሽ አንድ ነገር ነበረ፤ ዛሬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤውን ያመጡልሽ ጋሽ እሸቱ ጎረቤቴ ናቸው። እዚህ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፤ እህታቸውን ሊጠይቁ አሰላ ስለሚመጡ በእጃቸው ላክሁት። ፖስታው ውስጥ ሌላ የታሸገ ፖስታ አለ። እባክሽ እሱን አሁን እንዳትከፍቺው። መጀመሪያ መነጽርሽን አድርጊና ይህን ራስሽ አንብበሽ ጨርሺ። ብርቅዬ፣ አንቺም ከጎኗ ሆነሽ እያጮለቅሽ ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ።

እነዚያን ፎቷቸውን በስልክ የምልክልሽን ወፎች ከየት እንዳመጣኋቸው አንድም ቀን በወጉ አላጫወትኩሽም። ሃሚንግበርድ ይሏቸዋል። ብትበልጥ ከአውራ ጣቴ ትንሽ ብትበልጥ ነው። አጥራችን ላይ እሬቱ ሲያብብ የምትመጣውን፣ ያችን የምታብለጨልጭ ወፍ ታስታውሻለሽ? እሷን ልይዝ ስንጠራራ ከአጥሩ ወድቄ ቅንድቤ ተተርትሮ፣ አንቺ እየጮህሽ የቡና ዱቄት የደፋሽብኝን? ትመስላታለች፤ ግን የእኛዋ ጨዋ ናት፣ አበባው ላይ አርፋ ነው የምትጠጣው። ይህችኛዋ ልክ እንደዚህ አገር ሰው ናት፤ ቁጭ ብሎ መብላት አታውቅም። አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆምና ክንፏን በአንድ ሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ እያርገበገበች ትጠጣና እብስ ትላለች።

የእኔ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በረንዳዬ ወደ ሸለቆው ዛፎች ይዞራል። ግንቦት ላይ አንዷ መጥታ በረንዳው ላይ ያሰጣሁትን ቀይ ካልሲ ስትመረምር አየኋት። የዚያን ጊዜ ሰው ማየት አልፈልግም ነበር፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ወፍ ግን ምን ቸገረኝ፤ ወፍ “ምን ሆነህ ነው?” ብላ አትጠይቅ። ትለምደኝ ብዬ በብርጭቆ ምን እንዳቀረብኩላት ገምቺ። አንቺ የላክሽልኝን ማር! በውሃ በጥብጬ። ለእንግዳ ማር እያለ ስኳር ይቀርባል እንዴ? ሐሴት መጥታ አየችና ጮኸች። ሐሴት የሃብታሙ ልጅ ናት፤ ሃብታሙ ደግሞ ያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ሲያነሳ ፍላሹን የምይዝለት ፎቶግራፈር ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በአማርኛ ስታናግሪያት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልሽ። ማር ለእነሱ እንደሚሻግትባቸውና እንደሚገድላቸው፣ የሚሰጣቸው ተራ ስኳር በአራት እጥፍ ውሃ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። አይ እኔ! በክብር ልገድላት ነበር።

ከዚያ ፎቶ ላንሳት አልኩ። ሃብታሙ አንድ የቆየ ካሜራ አውሶኝ አንዱን ትልቅ ፍላሽ ልክ እንደ ሰርግ አዳራሹ በሙሉ ኃይሉ ለቀቅሁባት። ፎቶው ላይ አንገቷ አለ፣ ሆዷ አለ፣ ክንፏ የለም። በክንፏ ቦታ ጭስ ነው ያለው። መቶ ጊዜ ሞከርኩ፤ መቶ ጊዜ ጭስ። ሃብታሙ ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ “ሙሽራ መሰለችህ እንዴ?” አለኝ። ለካ ፍላሹን ባበረታሽው ቁጥር ብልጭታው ይረዝማል። ለእኛ ብልጭ ነው፤ ለእሷ ክንፍ ግን ወዲያ ወዲህ የሚልበት በቂ ጊዜ ነው። ዝቅ ስታደርጊው ግን ከመምጣቱ ይጠፋል፤ ክንፏ ባለበት ይቀራል። ብርሃኑ ስለሚያንስ አራት ደካማ ፍላሽ ትሰበስቢና አጠገቧ ታስጠጊያለሽ። ከኋላዋ ምንም ካልሰቀልሽ ደግሞ በቀን የተነሳው ፎቶ ድቅድቅ ጨለማ ይመስላል፤ እኔ ብርቅዬ ስትሸኘኝ የሰጠችኝን አረንጓዴ የአልጋ ልብስ ሰቀልኩበት። ያ አንቺን “የት ሜዳ ላይ ሄዶ ነው?” ያሰኘሽ ሁሉ የአልጋ ልብስ ነው እማዬ።

እንግዲህ እነዚያን ነበር የምልክልሽ። ሰኔ ላይ አንድ፣ ሐምሌ ላይ ሦስት፣ ነሐሴ ላይማ ስንቱን። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ደስ ይልሻል ብዬ። አንቺ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ “ፊትህን ላክ ስልህ ወፍ ትልክልኛለህ” አልሽኝ። ስቄ አለፍኩ። ሳቄም የውሸት ነበር።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ጥር ላይ ነው። አንድ ጠዋት ተነስቼ አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ በኩል ጠብ ጠብ አለ። መስታወት ሳይ የፊቴ ቀኝ ጎን ወርዷል። ቅንድቤ አልነሳ አለኝ፣ ዓይኔ አልከደን አለኝ፣ አፌ ወደ ግራ ሄዷል። ሐኪሞቹ አይተው የፊት ነርቭ አብጦ ነው፣ ጭንቅላትህ ደህና ነው፣ ለሕይወትህ አያሰጋም አሉኝ። መድኃኒት ወሰድኩ፤ ብዙው ተመልሷል፤ የቀረው ግን ገና አልተስተካከለም፣ ምናልባትም እንዲሁ ይቀር ይሆናል። አንቺ እዚህ ብትኖሪ መጋኛ ነው ትይ ነበር። ከምትሠራበት መጋዘን በላብ ወጥተህ ያለ ኮፍያ ውርጭ ላይ ቆመህ ነው ብለሽ ትቆጪኝ ነበር፤ ኮፍያ አለማድረጌንስ እውነትሽን ነው።

ለምን ደበቅኸኝ ትያለሽ። እንዳትጨነቂ፣ ለኔ ብለሽ በዚያ ጉልበትሽ ጠበል ለጠበል እንዳትንከራተቺ ብዬ ነው። ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ፣ አፈርኩ። “መልከ መልካሙ ልጄ” እያልሽ ለሰው ሁሉ ስታሳዪኝ የኖርሽው እኔን ነው፤ ይሄን ፊት ለማን ታሳይዋለሽ ብዬ። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽ ውሸት ነው። አልተበላሸም። ለብርቅዬም አልነገርኳት፤ እሷ ካወቀች አንቺ እንደምታውቂ ስለማውቅ። ስለዚህ ከካሜራው ኋላ ሆንኩ፤ እዚያ የቆመን ሰው ፊት ማንም አያየውም።

ባለፈው ፋሲካ ስደውልልሽ፣ ከመሬት ተነስተሽ ያሳደግነውን ውሻ ስም ጠየቅሽኝ። ረሳሁት አልኩሽ። እንዴት እረሳለሁ! ያኔ ከንፈሬ ስለማይገጥም ያን ስም ስጠራ አየር ይወጣብኝ ነበር፤ ትነቂብኛለሽ ብዬ ነው። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ እናቴ አረጀች፣ የሌለ ነገር ትጠይቀኝ ጀመር ብዬ አዘንኩልሽ። ለካ እየፈተንሽኝ ኖሯል። እኔ ጅሉ!

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዕለት በረንዳው ላይ ፍላሾቹን እያስተካከልን ነበር። ወፎቹ ወደ ሙቅ አገር እየሄዱ ነበር፤ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ብርሃኑን ለመለካት ወፏ በምትቆምበት ቦታ የሆነ ነገር መኖር አለበት፤ እኔ ፊቴን አስጠጋሁ፣ ሐሴት የካሜራውን መጫኛ ያዘች። የመጋዘኑን ቀይ ኮፍያ አድርጌ ነበር። ድንገት ጆሮዬ ስር ድምፅ ሰማሁ፤ መጣች። አልተንቀሳቀስኩም። ኮፍያዬን አበባ መስሏት ግንባሬ አጠገብ አየር ላይ ቆማ መረመረችኝ፤ የክንፏ ንፋስ ጉንጬን ነካኝ። ሐሴት ተጫነችው። ፎቶውን ስታሳየኝ ደነገጥኩ፤ ዲሊት አድርጊው አልኳት፤ ተቆጣኋትም። ኦኬ አለችኝ።

በማግስቱ፣ በዓመት በዓሉ ጠዋት፣ ብርቅዬ እያለቀሰች ደወለችልኝ። እማዬ ቄጠማ አልጎዘጎዘችም አለችኝ። ሳጥንሽን ስትከፍት ጥቁር ነጠላሽ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ከሁሉ በላይ ተቀምጦ አገኘችው። ምንድን ነው ብትልሽ “ብሩህ ሞቷል፤ ደብቃችሁኛል። በስልክ የሚያናግረኝ ሌላ ሰው ነው፤ የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ?” አልሻት።

አልፈርድብሽም እማዬ። ወንድምሽ ጋሽ ክፍሌ ጅዳ የሞተ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ደብቀንሽ፣ “ዛሬም ደውሎ ነበር፣ ሰላም ብሎሻል” እያልኩ የሙት ሰላምታ ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺም እንዲህ እንደሚደረግ ከእኔው ተማርሽ። ያን ዕለት ሶፋው ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ስምንት ወር ብቻሽን፣ ለማንም ሳትነግሪ፣ ልጅሽን ስትቀብሪ ከረምሽ። ይህን ያደረግኩሽ እኔ፣ ለአንድ ጠማማ አፍ ብዬ!

ወዲያው ሐሴት ጋ ደወልኩ። ዲሊት አድርገሽዋል ወይ አልኳት። አላደረግሁትም፣ ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ አለችኝ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የተናገረችው ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ፣ እናትህ የሚያምር ፊት አልጠየቀችህም፣ የአንተን ነው የጠየቀችህ ነው። በሃያ ዓመቷ እንዲህ ታስባለች፤ እኔ በሠላሳ አራቴ ይኸው።

አሁን ትንሹን ፖስታ ክፈቺው።

አየሽኝ? አትደንግጪ። ቀስ ብለሽ እይኝ። ቀዩ ኮፍያ የመጋዘኑ ነው፣ ከኋላ ያለው አረንጓዴ የብርቅዬ የአልጋ ልብስ ነው፤ ያበባ ጥልፉን ታውቂዋለሽ። አሁን የወረደውን ቅንድቤን እይ። መሃሉ ላይ ያቺ የቡና ዱቄት የደፋሽባት ጠባሳ አለች፤ ሌላ ሰው ከየት ያመጣታል? ደግሞ “ዓይንህን ሳትጨፍን የተነሳኸው አንድ ፎቶ የለህም” እያልሽ ታማርሪ አልነበር? የስምንተኛ ክፍሉንም፣ የምርቃቱንም። ወፏ ስትጠጋኝ ዘንድሮም ጨፍኛለሁ፤ ግን አንዱን ብቻ። ቀኙ እንቢ ብሎ አፍጥጦ ያይሻል። እንግዲህ ይህም ለውጥ ነው።

በቪዲዮ ደውሎ ማሳየት አቅቶህ ነው ወይ ብትይ፣ አዎ አቅቶኝ ነው። ስትደነግጪ ማየት አልቻልኩም። መጀመሪያ በእጅሽ ይዘሽ፣ ብቻሽን እይኝ፤ ማልቀስ ካለብሽም አልቅሺ። ሲወጣልሽ ብርቅዬ ትደውልልኝ፤ ካሜራውን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ። እኔም ፊትሽን ካየሁት ስምንት ወሬ ነው። አንቺን ሳላይ እኔ ራሴ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። እጅሽ ናፈቀኝ፣ ቁጣሽ ናፈቀኝ፤ ያን ነጠላ ግን ወደ ሳጥኑ ግርጌ መልሺልኝ።

እህቴን ብርቅዬን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ስለዋሸኋት ትቆጣኝ፣ መብቷ ነው። ጸጋአብን ሰላም በይው፤ ለአንቺ አማች ሳይሆን ልጅ ስለሆነልሽ አመሰግነዋለሁ። ትንሿን ጸዮንን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ አንድ ዓይኑን ሳይጨፍን ይተኛል በያትና ትሳቅ። ጎረቤታችንን እትዬ ሀፍሳን ጉልበት ስሜ ሰላም እላለሁ፤ በየቀኑ ብቅ እያሉ እንደሚያዩሽ አውቃለሁ። ሐሴትና አባቷም ባያውቁሽ ሰላም ብለውሻል።

በመጨረሻም፣ ለውሻ ነፍስ ይማር ይባል እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ለቦቢ። ስሙ ቦቢ ነበር እማዬ። አሁን ከንፈሬ ገጥሟል፤ ስትደውይ ጠይቂኝ።

ልጅሽ ብሩህ
ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ
መስከረም ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.